ቡችላው ልጆቹን አላስቀምጥ ላላት እህቴ

«የሁለት ወር ተኩል ቡችላ አለን። የስድስትና የሦስት ዓመት ልጆቼን እጅና ቁርጭምጭሚት ይነክሳል፣ ልብሳቸውን ይጎትታል። ትንሿ ከሶፋ አልወርድም ብላለች። ባለቤቴ እንሰረው ይላል፣ ጎረቤቴ አፍንጫውን በይው ትላለች። ክፉ ውሻ ይሆን? ለሰው ልስጠው?» ያልሽው እህቴ፣ አትስጪው። ቢያንስ ይሄን አንብበሽ ሳትጨርሺ አትስጪው።

እኔም እዚያው ነበርኩ። የምንኖረው ለገጣፎ ነው፤ ማታ ማታ ጅብ በአጥራችን ጥግ ሲያልፍ ይሰማል። ውሻ የሌለው ግቢ ብዙም አታገኚም። ከሁለት ዓመት በፊት ቡቺን ያመጣነው ለጥበቃ ነበር። ያኔ ወንዱ ልጄ ሰባት፣ ሴቷ አራት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ፍቅር በፍቅር ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት የልጄ ክንድ እሾህ ውስጥ ገብቶ የወጣ መሰለ። ቀዳዳ የሌለው ካልሲም ጠፋ።

ክፉ ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። ሕፃን ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከት የለ? ቡችላም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ፣ የቡችላ አፍ ውስጥ መርፌ የመሰሉ 28 የወተት ጥርሶች አሉ። ከወንድሞቹ ጋር የሚጫወተውም በነሱ ነው። አጥብቆ ሲነክስ ወንድሙ ይጮህና ጥሎት ይሄዳል። ምን ያህል ሲነክስ እንደሚያም የሚማረው እንዲህ እየሆነ ነው። እኛ ጋ ግን ቡችላ እንጀራ መላስ ከጀመረ «ደርሷል» ይባልና ለፈለገው ይሰጣል። ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቱ ጋር መቆየት ነበረበት። የኔው በካርቶን የመጣው በአምስት ሳምንቱ ነው። ትምህርቱን አቋርጦ መጣ በይው። ቀሪውን ያስተማርነው እኛ ነን፤ በቆዳችን።

ማሰሩን እኔም ሞክሬዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮው አጥር ጥግ ታስሮ ይውላል። አሥር ሰዓት ላይ ልጆቹ ከሰርቪስ ይወርዳሉ፣ ቦርሳቸውን ይወረውራሉ፣ ይፈቱታል። በቃ! እነሱ እየጮኹ ይሮጣሉ፣ እሱ ይከተላል፣ ያገኘውን ቁርጭምጭሚት ይይዛል፣ ጩኸቱ ይብሳል፣ እሱም ይብስበታል። እኔ መጥረጊያ ይዤ እወጣለሁ። ለሱ ጨዋታው የሚሞቀው ይኼኔ ነው። ውሻ ሲታሰር ጉልበቱ አያልቅም፤ ይጠራቀማል።

አፍንጫ መምታቱ ደግሞ የባሰ ነው። ሁለት ቀን መታሁት። በሦስተኛው ቀን ገና እጄን ሳነሳ ዘሎ ያዘኝ። እጅ ከላይ ሲመጣ ዱላ እንደሆነ ገብቶታላ! ታዲያ ትንሽ ልጅ ሊዳብሰው ሲል እጁን የሚልከው ከየት ነው? ከላይ ነው። ያን ቀን ደንግጬ ተውኩት። ሚጥሚጣ አብይው፣ ጆሮውን ቁረጪው ያሉኝም ነበሩ። እነሱን ተያቸው።

ነገሩ የገባኝ ውሻውን ትቼ ልጆቹን ማየት ስጀምር ነው። አንድ ቅዳሜ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ቡና እየለቀምኩ ሳያቸው ዋልኩ። ቡቺ ይተኛል፣ ልጄ ይቀሰቅሰዋል። ደግሞ ይተኛል፣ ልጅቷ መጥታ ጆሮውን ገልጣ ታያለች። ከሰዓት በኋላ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይነክስ ጀመር። እንቅልፍ ያጣ ሕፃን እንዴት እንደሚነጫነጭ ታውቂዋለሽ። ቡችላ በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት ይተኛል። የኔው ግማሹንም አያገኝም ነበር።

ስለዚህ ማደሪያ ሠራንለት። የልጅቷን የድሮ አልጋ መከለያ በረንዳው ጥግ አቆምኩ፣ አሮጌ ጋቢ አነጠፍኩ። ሕጉ አንድ ነው፦ ቡቺ እዚያ ከገባ ማንም አይነካውም፣ ማንም አይጠራውም። ሲያጠፋም ለቅጣት እዚያ አይገባም፤ ከጠላው አይተኛበትማ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ መጀመሪያ ቤት ይገባሉ፣ ልብስ ይቀይራሉ፣ መክሰስ ይበላሉ። እሱ የሚወጣው ጩኸታቸው ሲበርድ ነው። ይቺ ግማሽ ሰዓት ብቻዋን ስንት ካልሲ እንዳተረፈችልኝ!

ከዚያ ባሕር ዛፍ መጣ። የሚሮጥ ልጅ ለቡችላ «ና ያዘኝ» ያለው ያህል ነው። ስለዚህ ቡቺ ልብስ ሲይዝ ወይም ሲንደረደር «ባሕር ዛፍ!» እላለሁ፤ ልጆቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እጅ ደረት ላይ ይታጠፋል፣ ዐይን የራስን ጫማ ያያል፣ ድምፅ የለም። መጀመሪያ ያለ ውሻው አለማመድኳቸው። እኔ ቡችላ ሆኜ እየዳህኩ ቀሚሷን ስጎትት ልጅቷ በሳቅ ሞተች። (ዘበኛችን በሩን ከፍቶ ያን ጊዜ ነው የገባው። እስካሁን ቀና ብሎ አያየኝም።) ቁም ነገሩ ሲመጣ ግን ቆመች። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ እንባዋ ቀርቧል፣ ግን ቆመች። ቡቺ የቀሚሷን ጫፍ ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አደረገው፣ ቀና ብሎ አያት፣ ለቀቀና ቁጭ አለ። ወዲያው የደረቀ ዳቦ ቁራሽ ወረወርኩለት። «እማዬ፣ እኔ ግን ጽድ ነኝ» አለችኝ።

የሚነክሰውን ከከለከልሽው ደግሞ ሌላ የሚነክሰው ስጪው፤ ድዱ ያመዋል። አሮጌ ነጠላ ቀድደሽ ቋጥሪና ውኃ ነክረሽ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው። መብራት ከጠፋ ወፍራም ካሮትም ይሆናል። ባዶ ሃይላንድ ይወዳል፤ ክዳኑን አውልቂ፣ መቀደድ ሲጀምር ውሰጂበት። የተቀቀለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ አትስጪው፤ ተሰንጥቆ ይወጋዋል። አሮጌ ጫማም አትስጪው። አሮጌውን ከአዲሱ አይለይልሽም።

በጨዋታ መሀል ጥርሱ ቆዳ ከነካ ደግሞ ጨዋታው አለቀ። አንድ ጊዜ «አይ» ትያለሽ፣ ተነስተሽ ትሄጃለሽ፣ ሃያ ሠላሳ ሰከንድ ማንም አያየውም። ከዚያ ትመለሻለሽ። በቀን ሃያ ጊዜ ልታደርጊው ትችያለሽ፤ ይሰለቻል። እኔ ቤት ሥራውን ያበላሸው ባለቤቴ ነው። ማታ ይገባና በባዶ እጁ ይታገለዋል፣ ያስነክሰዋል፣ ይስቃል። ጠዋት ልጁን ሲነክስ ግን «ይሄ ውሻ አላደገም» ይላል! ቡችላ የአባወራውን እጅ ከልጁ እጅ ለይቶ አያውቅም ብዬ ሳምንት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ የጨርቅ ገመድ ገዛልኝና ተስማማን።

ልጆቹንና ቡችላውን ብቻቸውን ትተሽ ወጥ ቤት አትግቢ። ወጡ ይረር ግዴለም። ሲበላ አይነካም፣ ሲተኛ አይነካም፣ አይታቀፍም፤ ውሻ መታቀፍ ብዙም አይወድም። ፊቱን ሲያዞር፣ ከንፈሩን ሲልስ፣ እንቅልፍ ሳይኖረው ሲያዛጋ «ተዉኝ» ማለቱ ነው። ቢያጉረመርም አትቆጪው፤ ልጆቹን አርቂያቸው። ማጉረምረም በቁጣ ያስተውነው ውሻ ሳይናገር ነው የሚነክሰው። በጨዋታ ሰውነቱን እያወዛወዘ «ግርር» ማለቱ አያስፈራሽ። ደርቆ ቆሞ፣ ዐይኑን ተክሎ፣ ምግቡን እየጠበቀ ከሆነ ግን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰጂው።

መቼ ያልፋል? የኔው አምስት ወር ገደማ ሲሆነው ሳሎን ስጠርግ ሩዝ የምታክል ጥርስ አገኘሁ። ወንዱ ልጄ በዚያው ሰሞን የፊት ጥርሱ ወልቆ ነበርና ነገሩ ከኔ በላይ ገባው። «ለካ እሱም እንደኔ ነው!» ብሎ የቡቺን ጥርስ እንደራሱ ጥርስ ጣሪያ ላይ ወረወረለት። ሰባት ወር አካባቢ አዲሶቹ ጥርሶች ወጥተው አለቁ፣ ንክሻውም ቀረ። አሁን ልጅቷ ጀርባው ላይ ተደግፋ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ።

የቀረኝ ያሳፈረኝን መናገር ነው። ቡቺ ሦስት ወር ካለፈው ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። በሦስት ወሩ መከተብ የነበረበትን የእብድ ውሻ ክትባት ዛሬ ነገ እያልኩ አሳለፍኩት። አንድ ቀን ሲበላ ልጅቷ ሳህኑ ውስጥ እጇን ሰደደች፣ ጣቷን ወጋት፣ ደም ወጣ። ቧንቧው ውኃ አልነበረውም፤ ከሮቶው በጆግ እየቀዳሁ በሳሙና 15 ደቂቃ አጠብኩላት። ነጭ ሽንኩርት ቅቢበት ያሉኝን አልሰማሁም። እናቴ ሆድ ላይ የሚወጋውን የድሮውን መርፌ አስታውሳ አለቀሰች። ይዣት ጤና ተቋም ሮጥኩ። ክንዷ ላይ ነው የተከተበችው፤ በተቀጠረችበት ቀን ሁሉ እየተመላለስን ጨረስን። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም፤ ቡችላንም ይይዛል። ውሻው ትንሽ ነው፣ የቤት ነው ተብሎ አይታለፍም። ቡቺን ለ10 ቀን ለብቻው አድርገን ተከታተልነው፤ ደህና ነበር። እኔ ግን እነዚያን ሌሊቶች አልተኛሁም።

ያንቺው ሦስት ወር ሊሞላው ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። የሌሎቹን ክትባቶችና የትሉን መድኃኒት ሐኪሙን ከአሁኑ ጠይቂው፤ የቡችላ ትል ወደ ልጆች ይተላለፋል። ለእብድ ውሻው ግን ቀኑን ቆጥረሽ ስልክሽ ላይ አላርም ሙዪበት።