ጀሪካኑን አስቀምጠሽም ጡንቻው ካልለቀቀ

እህቴ ከቱሉ ዲምቱ፣ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ጀሪካን 4ኛ ፎቅ ድረስ እንደምታወጪ ጽፈሻል። ጠዋት ጠዋት ወገብሽ ግትር ይላል፤ ራጅ ተነስተሽ «አጥንትሽ ደህና ነው» ተብለሻል። ታዲያ ምን ያዘኝ ነው ጥያቄሽ። እኔም እዚያው ሰፈር ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ውሃ በጠፋ ሰሞን ወገቡን ይዞ የሚመጣው ሰው ይበዛል።

አከርካሪ ያለ ጡንቻ ብዙ አይችልም። አጥንቱና ጅማቱ ብቻ የቀረ የወገብ አከርካሪ ላብራቶሪ ውስጥ ሲፈተን 9 ኪሎ ገደማ ሲጫንበት ይጎብጣል። ያንቺ ጀሪካን ብቻ 20 ኪሎ ነው። ቀጥ አድርጎ የሚያቆምሽ ጡንቻ ነው፤ የድንኳን ምሰሶን ገመድ ከየአቅጣጫው ወጥሮ እንደሚይዘው።

ስለዚህ መገተር በራሱ በሽታ አይደለም። ጀሪካኑን ስታነሺ የሆድና የጀርባ ጡንቻዎች አብረው ይወጠራሉ፤ አከርካሪው እንዳይወላገድ ይይዙታል። በነፃ ግን አይደለም፤ እነሱ በተወጠሩ ቁጥር በአከርካሪ አጥንቶች መሃል እንደ ትራስ የተቀመጠው ዲስክ ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። ችግሩ ዕቃው ከወረደ በኋላም አልለቅ ሲሉ ነው። ጤነኛ ሰው እስከ መጨረሻው ጎንበስ ሲል የጀርባው ጡንቻ ሥራውን ለጅማት ትቶ ያርፋል። ወገቡን በሚያመው ሰው ላይ ግን ብዙ ጊዜ አያርፍም። «እንዳያመኝ» እያልሽ ግንድ ሆነሽ ስትሄጂ ደግሞ ይብስበታል።

አሁን ሞክሪው። ቁሚና አውራ ጣቶችሽን ከአከርካሪሽ ግራና ቀኝ አሳርፊ። ትንሽ ወደፊት ዘንበል በዪ፤ ጣትሽ ሥር ጠንከር ይላል። ቀስ ብለሽ ወደኋላ ተመለሺ፤ የሆነ ቦታ ላይ ለስለስ ይላል። ሳህን ስታጥቢም፣ ታክሲ ስትጠብቂም በዚያ አቋቋም ቁሚ።

የጠዋቱ ነገር ሌላም ምክንያት አለው። ሌሊት ዲስክ ውሃ ስቦ ያብጣል፤ ማጎንበስ ይከብዳል። ከአልጋ ወርደሽ በቀጥታ ጀሪካን አታንሺ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ በዪ። ሲቻል ባለ 10 ሊትር ሁለት ያዢ፣ በየእጅሽ አንዳንድ። ባንድ እጅ ብቻ ሲሆን የሌላው ጎን ጡንቻ ብቻውን ይጎትታል። መተኛት አያድንሽም፤ በእግር መሄድ ይሻላል። ልጅ ጀርባሽ ላይ ወጥቶ እንዲረግጥሽ ደግሞ አደራ አታድርጊ!

እግርሽ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ሽንት ከከለከለሽ ወይም ካመለጠሽ፣ ወይ ትኩሳት ከመጣ ግን ይሄን ሁሉ ተዪና ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂ።