የክረምት ምርምር ማመልከቻ የት ላይ ይወድቃል?

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለክረምት ምርምር ብዙ ቦታ አመልክቼ ከአንዱም አልተጠራሁም። ውጤቴ ደህና ነው። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ምንም ሳታጠፊ ማመልከቻሽ ሳይነበብ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በፊት ማን ማመልከት እንደሚችል የሚገልጸውን አንቀጽ እዪ። የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የሚደግፈው አርኢዩ የተባለው የተማሪዎች ምርምር ፕሮግራም በየዩኒቨርሲቲው ስላለ ሁሉም ወደዚያ ይሮጣል፤ ከፋውንዴሽኑ ገንዘብ የሚከፈላቸው ግን የአገሪቱ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ናቸው። የጀርመኑ የክረምት ምርምር ፕሮግራም ራይዝ በሰሜን አሜሪካ፣ በብሪታንያና በአየርላንድ ለሚማሩ ነው። አምጀን ስኮላርስ የተባለው ፕሮግራም የሚጠይቀው መስፈርት ከአህጉር አህጉር ይለያያል። ዜግነት ሳይለዩ ከሚቀበሉት መካከል የቪየና ባዮሴንተር የክረምት ትምህርት ቤት፣ እዚያው ኦስትሪያ ያለው የምርምር ተቋም ኢስታ እና የጃፓኑ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ኦይስት ይገኛሉ። የኦይስት ቀን ብዙዎችን ያሳስታል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ማመልከቻ ይቀበላል፣ ለክረምት የሚሆነው ዙር ግን ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ኦክቶበር ላይ ይዘጋል። ጃንዋሪ ላይ መፈለግ የጀመረ ሰው አምልጦታል።

ሌላው የድጋፍ ደብዳቤው ነው፤ በእኛ ግምት ከውጤትም ይበልጣል። «ጎበዝና ትሑት ተማሪ ናት» የሚል ደብዳቤ ለመራጩ ምንም አይነግረውም። «ፒሲአር (ዲኤንኤ የማባዛት ሥራ) ስትሠራ ዲኤንኤ ያልተጨመረበት ቱቦ ባንድ (የዲኤንኤ ምልክት) አሳየ፤ ብክለት መሆኑ ገብቷት ውሃውን፣ ፕራይመሩንና ኢንዛይሙን በየተራ እየቀየረች ምንጩን አገኘች» የሚል ደብዳቤ ግን ቦታ ያሰጣል። መምህርሽ ይህን ላያስታውሱ ይችላሉና ደብዳቤውን ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ጠይቂያቸው፤ ከሲቪሽና ከትራንስክሪፕትሽ ጋር የሠራሽውን የሚዘረዝር ግማሽ ገጽ ላኪላቸው። መዝጊያው ሳምንት ሲቀረው ደብዳቤው መግባቱን አረጋግጪ። ያልገባ ከሆነ ማስታወሱ ነውር አይደለም፤ ያለ ደብዳቤ የቀረበ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ እንዳልተሟላ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ ለተመራማሪዎች በቀጥታ ኢሜይል ብልክም መልስ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ሥራዎ እጅግ ይማርከኛል» ብሎ የሚጀምር ኢሜይል ለሃምሳ ሰው እንደተላከ ወዲያው ይታወቃል። በቅርቡ ካሳተሙት ጽሑፍ አንዱን አንብብና ከአንድ ምስል ላይ የተነሣብህን ጥያቄ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍ። ከዚያ መቼ መጥተህ ለስንት ሳምንት እንደምትቆይና ምን መሥራት እንደምትችል ግለጽ። ሁሉም ከ150 ቃል አይብለጥ፤ ሲቪና ትራንስክሪፕቱን በአንድ ፒዲኤፍ አያይዝ። ከአሥር ቀን በኋላ አንዴ አስታውስ፣ ከዚያ በኋላ ተወው። እሺ ካሉህ ደግሞ የመኖሪያውን፣ የኢንሹራንሱንና የቪዛውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ጠይቅ። ተማሪውን ለላቦራቶሪ ቁሳቁስ የሚያስከፍሉም አሉ።

ጥያቄ፦ ተመርጫለሁ፤ አሥር ሳምንት ነው። ከቀረቡልኝ ፕሮጀክቶች የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ ርዕሱ ምንም ቢማርክ መጀመሪያ የሚጠናው ፍጡር በስንት ጊዜ እንደሚራባ አስብ። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በጥሩ ሁኔታ በ20 ደቂቃ፣ እርሾ በ90 ደቂቃ ገደማ በእጥፍ ይበዛሉ፤ ዛሬ የተበላሸው ሙከራ ነገ ይደገማል። የፍራፍሬ ዝንብ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከእንቁላል እስከ ሙሉ ዝንብ አሥር ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ጥቂት ትውልድ ማዳቀል ይቻላል። አራቢዶፕሲስ የተባለችው ተክል ግን ከዘር እስከ ዘር ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ትወስዳለች። ዜብራፊሽ የተባለው ትንሽ ዓሣ ለመራባት ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል፤ አይጥም ብትሆን እርግዝናዋ ብቻ ሦስት ሳምንት ነው። ከአሥሩ ሳምንት ላይ ለደኅንነት ሥልጠናና ፒፔት (የፈሳሽ መለኪያ) ለመልመድ የሚሄደውን የመጀመሪያ ሳምንት ቀንስ።

ይህ ማለት ከአይጥ ወይም ከዜብራፊሽ ሽሽ ማለት አይደለም። የሚቆጣጠርህን ሰው «የሚያስፈልገው ዝርያ አሁን በእጅ አለ ወይስ ገና ይዳቀላል?» ብለህ ጠይቅ። ገና ይዳቀላል ከተባልክ ክረምቱን ጂኖታይፕ ስትሠራ (የእያንዳንዱን እንስሳ ጂን ስትለይ) ታሳልፋለህ። በኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮጀክት ከሆነም ተመሳሳይ ጥያቄ አለው፤ የሲኩዌንሲንግ (የዲኤንኤ ንባብ) ዳታው ደርሷል ወይስ ገና ይጠበቃል? ደርሶ ከሆነ ከመሄድህ በፊት አር ወይም ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ተለማመድ።