ለስታንዳርዱ የሚጠየቅ ገንዘብ፣ የጠፋ መሸኛ እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የምዝገባ ሰሞን ሲደርስ የደብዳቤው ብዛት አይጣል ነው። በመምህርነት፣ በርእሰ መምህርነት፣ በመጨረሻም በጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘርነት እዚሁ ጎንደርና ዙሪያዋ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ስለሆንኩ፣ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «እትዬ፣ እስቲ ይቺን ነገር» ይለኛል። ፒያሳ ቡና ልጠጣ ወጥቼ የሰው ልጅ ካርድ እያየሁ የተመለስኩበት ቀን አለ። ለማንኛውም ዛሬ የመረጥኳቸው እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ልጄ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገባልኝ። ላስመዘግበው ስሄድ «ትምህርት ቤቱ ከስታንዳርድ በታች ነው ስለተባለ ወላጅ ሁሉ ለማሻሻያ ይከፍላል፤ ሳይከፈል ምዝገባ የለም» አሉኝ። ዩኒፎርሙንም እነሱ ከሚነግሩኝ ልብስ ሰፊ ዘንድ ብቻ እንዳሰፋ አዘዙኝ። እኔ የጉሊት ነጋዴ ነኝ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ነጻ አይደለም ወይ?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከማራኪ

መልስ፦ እህቴ፣ አጭሩን ላስቀድምልሽ። ገንዘብ አልከፈለችም ተብሎ ልጅሽ ከምዝገባ ሊቀር አይገባም። ረጅሙን ደግሞ ታገሺኝና ልንገርሽ፤ ምክንያቱም «ስታንዳርድ» የሚለውን ቃል እንደ ዱላ የሚይዙት ሰዎች በዝተዋል።

የትምህርት ስታንዳርድ የሚያወጣው ርእሰ መምህሩ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 የትምህርትን አገር አቀፍ መስፈርትና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያ ማውጣትን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቶታል። ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው ደግሞ ክልሉ ነው። ከክልሉ ቢሮ ወደ ከተማው ትምህርት መምሪያ፣ ከዚያ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ይወርዳል። ስለዚህ መስፈርቱ የተጻፈው አዲስ አበባ ነው፤ የሚሟላው ወይም ሳይሟላ የሚቀረው ግን እዚህ ነው።

ትምህርት ቤቱ «ከስታንዳርድ በታች» የተባለው በኢንስፔክሽን ነው። ኢንስፔክተሮች መጥተው ክፍል ገብተው ትምህርት ሲሰጥ ያያሉ። ሰነድ ያገላብጣሉ። ተማሪ፣ መምህርና ወላጅ ያነጋግራሉ። ከዚያ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣሉ። 1 እና 2 ከስታንዳርድ በታች፣ 3 እና 4 ስታንዳርዱን ያሟላ ማለት ነው። ማዕቀፉ ሲዘረጋ 26 ስታንዳርዶች ነበሩት፤ ነጥቡም በሦስት ይከፈላል። ግብዓት 25 ከመቶ፣ ሂደት 35 ከመቶ፣ ውጤት 40 ከመቶ።

እዚህ ላይ ቆም በይ። ክፍሉ፣ ወንበሩ፣ አጥሩ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ የመምህሩ የትምህርት ደረጃ ጭምር ግብዓት ውስጥ ነው ያሉት። ተደምረው ሩብ ናቸው። የቀረው ሦስት እጅ መምህሩ እንዴት እንደሚያስተምር፣ ርእሰ መምህሩ እንዴት እንደሚመራ፣ ልጁ ምን ይዞ እንደሚወጣ ነው። ግድግዳው በሙሉ ቀለም ቢቀባ ያ ሦስት እጅ አይነቃነቅም።

አንድ ትምህርት ቤት ትዝ ይለኛል፤ ስሙ ይቅር። ኢንስፔክተር ይመጣል ሲባል ከወላጅ አዋጥተው በር አሠሩ። በሩ እውነትም ያምራል፤ ሠርግ ቤት ነበር የሚመስለው። ኢንስፔክተሮቹ በሩን አልፈው 4ኛ ክፍል ገቡና ልጆቹን «እስቲ ይህን አንቀጽ አንብቡ» አሉ። ከክፍሉ ግማሹ ፊደል እየቆጠረ ቀረ። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ደግሞ ውኃ አልነበረውም። ያንን ገንዘብ ወደ ቧንቧው ቢያዞሩት ኖሮ ቢያንስ የወር አበባቸው የመጣ ልጆች ከትምህርት ባልቀሩ ነበር። እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ በሩ ሳይሆን ይሄ ነው።

ወላጅ ማዋጣቱ በራሱ ነውር አይደለም። በአገራችን በኅብረተሰብ መዋጮ የቆመ መማሪያ ክፍል ስንትና ስንት ነው። የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራሙም ከአራቱ ርእሰ ጉዳዮቹ አንዱ የኅብረተሰብ ተሳትፎ ነው። ግን መዋጮ መንገድ አለው። ወላጆች በጠቅላላ ጉባኤ ተሰብስበው ይመክራሉ። ወመተህ፣ ማለትም የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። የማይችል ወላጅ ይታለፋል። ገንዘቡ ሲገባ ሞዴል 64 ደረሰኝ ይቆረጣል። በብጣሽ ወረቀት ተቀብሎ ማህተም መምታት ደረሰኝ አይባልም።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ሄደሽ ቃለ ጉባኤውን አሳዩኝ በያቸው። በትሕትና በይ፤ ግን በይ። ካላሳዩሽ የወመተሁን ሰብሳቢ ፈልጊ፤ እሱም እንዳንቺው ወላጅ ነው። እምቢ ካሉ «ልጄን ያልመዘገባችሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ» በያቸው። በልምዴ ይህች ዓረፍተ ነገር ብዙ በር ትከፍታለች፤ እንዲህ ያለውን ነገር ፈርሞ የሚሰጥ ሰው የለማ! ካልሆነ ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም የከተማው ትምህርት መምሪያ። ብቻ ምዝገባው ሳይዘጋ ሂጂ።

ዩኒፎርሙን በተመለከተ ትምህርት ቤቱ ቀለሙንና ዓይነቱን ይወስን፤ ደግ ነው፤ የደኻውንም የሀብታሙንም ልጅ ያመሳስላል። ልብስ ሰፊውን የምትመርጪው ግን አንቺ ነሽ። ጨርቁን ቅዳሜ ገበያ ገዝተሽ ሰፈርሽ ብታሰፊው ማን ምን ሊልሽ?

ጥያቄ፦ ከገጠር ወረዳ ተፈናቅለን አዘዞ ዘመድ ተጠግተናል። የልጆቼ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ርእሰ መምህሩም የት እንደገባ አላውቅም። ትንሿ 5ኛን ጨርሳለች። ታላቋ 8ኛን ተፈትና አልፋለች። እዚህ ደግሞ «መሸኛና ካርድ ካላመጣህ አንቀበልም» ይሉኛል። ከየት ላምጣው?
አባት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እግዜር ያጽናዎት አባቴ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቁት እርስዎ ብቻ አይደሉም።

የታላቋ ቀላል ነው። የ8ኛ ክፍል ፈተና፣ ያው እኛ ሚኒስትሪ የምንለው፣ የሚሰጠው በክልል ነው። ስለዚህ ውጤቷ በተዘጋው ትምህርት ቤት ሳጥን ውስጥ ብቻ ተቆልፎ አልቀረም። ሙሉ ስሟን ከነአያቷ፣ የትምህርት ቤቱንና የወረዳውን ስም፣ የተፈተነችበትን ዓመት ይጻፉና እዚህ ከተማው ትምህርት መምሪያ ፈተና ክፍል ይሂዱ። የመፈተኛ ቁጥሯን ካስታወሰች ደግሞ እሰየው። ልጆች ቁጥራቸውን አይረሱም፤ ይጠይቋት።

የትንሿ ይከብዳል። የ5ኛ ክፍል ሮስተር፣ ማለትም የውጤት መዝገቡ፣ ያለው ትምህርት ቤቱ ዘንድ ነው። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ወደ ከተማ ወጥተው ከሆነ ይፈልጓቸው። ያስተማራት መምህር ጎንደር ውስጥ ካለም ምስክርነቱ ቀላል አይደለም። የተቀዳደደ ደብተርም ቢሆን የመምህሩ እርማትና ቀን ያለበትን ይዘው ይሂዱ።

ይህ ሁሉ ባይገኝስ? እኔ ርእሰ መምህር ብሆን ሒሳብና አማርኛ ፈትኜ፣ በአቅሟ ልክ ክፍል መድቤ፣ ከፋይሏ ላይ «ሰነድ ይቀራል» ብዬ ጽፌ አስገባታለሁ። ሰነዱ ሲገኝ ይያያዛል። ልጅቷ ግን ወረቀት ስትጠብቅ አንድ ዓመት ቤት ልትቀመጥ አይገባም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት ማናቸውም የመንግሥት አካል እርምጃ ሲወስድ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። ይህን አንቀጽ በቃልዎ ይያዙት። ለክፍለ ከተማው ማመልከቻ ሲጽፉም ይጥቀሱት።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። እኛ ጎንደሮች በዚህ ነገር ከማንም ልንማር አይገባንም ነበር። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን ይዞ ከስንት አገር አቋርጦ ሲመጣ የኔታ ካርድ አምጣ አይሉትም። «እስቲ በል» ብለው ሰምተው ቦታውን ያውቁታል። ማንም ግን መስፈርት አልነበራቸውም እንዳይል! ከዜማ ትምህርቶቹ ለድጓ ምስክርነት ጋይንት ቤተልሔም ይወረዳል፤ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፤ ለአቋቋም ደግሞ እዚሁ በአታ ይመጣል። እዚያ ያልተመሰከረለት መምህር ነኝ ብሎ ወንበር አይዘረጋም። ጥብቅ የሚሆኑት ሲያስመርቁ ነው፤ ሲቀበሉ አይደለም። ዛሬ ግን በር ላይ ወረቀት እያጣራን፣ ማንበብ የማይችለውን ልጅ በየዓመቱ ወደሚቀጥለው ክፍል እንሸኛለን።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤታችን «በሞዴል ፈተና ከ50 በታች ያመጣ ለአገር አቀፉ ፈተና አይመዘገብም፤ የትምህርት ቤቱን ስም ያጠፋል» ብሏል። እኔ 43 ነው ያመጣሁት። ይችላሉ?
ተማሪ፣ ከአራዳ

መልስ፦ ልጄ፣ ሞዴል ፈተና መለማመጃ ነው። ድክመትሽን ቀድመሽ እንድታውቂ የተዘጋጀ እንጂ ለአገር አቀፉ ፈተና መግቢያ ትኬት አይደለም። ትምህርትሽን ተከታትለሽ፣ ከ9ኛ ጀምሮ ያለው ውጤትሽ የተሟላ ከሆነ አስመዝግቡኝ በይ። ወላጆችሽም አብረውሽ ይሂዱ።

ፍርሃታቸው ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ፈተና በመሰረቅና በኩረጃ ብዙ ተቸግረናል። በ2008 ዓ.ም. ተሰርቆ ወጥቶ እንደተሰረዘ ወላጆችሽን ጠይቂያቸው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ጀመረ። ያን ጊዜ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ስሙ በየሚዲያው ሲነሳ ርእሰ መምህሩ እንቅልፍ ያጣል። ከላይ እንዳልኩት ከኢንስፔክሽኑም 40 ከመቶው ውጤት ነው። አንዳንዱ ታዲያ ተማሪውን ከማብቃት ተማሪውን መቀነስ ይቀልለዋል። መቶኛውን ለማሳመር ሲባል አንቺ የምትወጪ ከሆነ ለማን ነው ያማረው?

አንቺም ብትሆኚ 43ቱን ይዘሽ አትቀመጪ። የትኛው ትምህርት እንደጎተተሽ ለይ። የ9ኛና የ10ኛን መጽሐፍ መልሰሽ ክፈቺ፤ ፈተናው ከዚያም ስለሚመጣ። 50 ባይሞላልሽ ሪሚዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት መንገድ አለ፤ መግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ስለሚወሰን ማስታወቂያውን ተከታተዪ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። አንድ ክፍል ውስጥ 78 ልጅ አስተምራለሁ። ሱፐርቫይዘር መጥቶ «ተከታታይ ምዘና አልያዝክም፣ ተማሪ ተኮር አይደለህም» ብሎ ጻፈብኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ የሥራ ባልደረባዬ፣ ደረቴን ነው የመታኸኝ። መስፈርቱ ለአንደኛ ደረጃ በክፍል 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ነው። እሱ በሌለበት ምዘናው ለምን ተጓደለ ብሎ አንተን ብቻ መጻፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። በግብረ መልሱ ላይ የራስህን አስተያየት ጻፍበት። «የተማሪ ክፍል ጥምርታ 1 ለ 78» ብለህ ቁጥሩን አስቀምጥ። ቁጥር ሰነድ ላይ ካልሰፈረ ለሚቀጥለው ዓመት መምህር ለመጠየቅም ሆነ ፈረቃ ለመክፈል መነሻ አይኖርም።

ግን ልጆቹን ሁሉ በየሳምንቱ እመዝናለሁ ብለህም አትሙት። በቡድን አዙር፤ ዛሬ አሥራ አምስቱን፣ ነገ ሌሎቹን። ኮምባይንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው የተጣበቁትን ልጆች እርስ በርስ ማስተራረምም ይረዳል። ጩኸቱ ብቻ ነው የሚያስቸግርህ።

ጥያቄ፦ ልጄ አርፍዶ ስለደረሰ ዘበኛው በጎማ ገረፈው። ርእሰ መምህሩ «የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው» አሉኝ። የ3ኛ ክፍል ልጅ ነው።
እናት፣ ከቀበሌ 18

መልስ፦ እንዲህ ያለ ደንብ ሊኖር አይችልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ እንደሆኑ በቀጥታ ይናገራል፤ የትኛውም የትምህርት ቤት ደንብ ከሱ በላይ አይሆንም። ለረፈደ ልጅ ወላጅ ይጠራል፣ ይመከራል፣ ይመዘገባል። ቁስል ካለው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ወስደሽ ወረቀት አሠሪለት። ከዚያ ማመልከቻሽን ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ለሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት በሁለት ኮፒ አስገቢ፤ አንዱን ቀሪ አስመትተሽ ቤት አስቀምጪ።