ሁለቱም ከተማ ውድ ከሆነ የሚተርፋችሁን አስሉ

ሌላ ከተማ ሥራ አግኝተህ ከባለቤትህ ጋር ለመዛወር እያሰባችሁ ከሆነ፣ እዚያ ያገኘኸው ደመወዝ ከፍ ስላለ ብቻ እንሂድ ብላችሁ አትወስኑ፤ ባለቤትህ እኮ ሥራዋን ትታ ነው የምትከተልህ። ለሁለቱም ከተማ ለየብቻ ቁጭ ብላችሁ አስሉ፦ ግብር ተቆርጦ እጃችሁ ከሚገባው ላይ ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ ልጅ ካላችሁም የሕፃናት ማቆያ ክፍያ ቀንሱ። ኪራዩን ከከተማው አማካይ አትውሰዱ። ለሥራ ቦታህ ከሚቀርቡት ቤቶች ውሰዱ።

ከዚያ ያንኑ ሂሳብ ባለቤትህ 6 ወር ሥራ ባታገኝስ ብላችሁ ድገሙት። ውሳኔውን የሚለውጠው ይሄኛው ነው።

እኛ ከተማ ስንቀይር ቤቱን በፎቶ ብቻ አይተን የዓመት ውል ፈረምን። ባለቤቴ በጨለማ ወጥታ ልጃችን ከተኛ በኋላ ነበር የምትገባው፣ ዓመቱን ሙሉ። እናንተ መጀመሪያ በሥራ ቀን ሄዳችሁ የጠዋቱን መንገድ ሞክሩት። እስከዚያ ምንም አትፈርሙ።