ለኮምፒውተሩ የተመደበው ይደርሳል፣ ለሠራተኛው የተፈቀደው ግን አይታይም

ከባሕር ዳር የጻፉልን የአይቲ ባለሙያ ኮንፊገሬሽን ማኔጀርን (የመሥሪያ ቤትን ኮምፒውተሮች ከአንድ ቦታ ሆኖ ለማስተዳደርና ፕሮግራም ለመጫን የሚያገለግለውን የማይክሮሶፍት ሥርዓት) ከ1802 እትም ተነሥተው በየደረጃው እስከ 1910 አሻሽለዋል። ከዚያ ወዲህ በዋናው መሥሪያ ቤት ሁሉም ደኅና ሲሆን፣ በመራዊና በወረታ ቅርንጫፎች ለኮምፒውተር የተመደበው ፕሮግራም እየተጫነ በሠራተኛው ስም የተፈቀደው ግን በሶፍትዌር ሴንተር (ሠራተኛው የተፈቀዱለትን ፕሮግራሞች አይቶ በሚጭንበት መስኮት) ላይ አይታይም። የአፕሊኬሽን ካታሎግ ሮልም (የተፈቀዱትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ያቀርብ የነበረው የሰርቨሩ የሥራ ድርሻ) በኮንሶሉ፣ ማለትም በአስተዳዳሪው መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ፣ የስሕተት ምልክት ይዞ ቀይ እንደሆነ ቀርቷል፤ ከእርሳቸው በፊት የነበረው ሰው የሮሉን ፎልደር ከአይአይኤስ (ከዊንዶውስ የድረ ገጽ ሰርቨር) ላይ በእጁ አጥፍቶታል።

ጥርጣሬዬ በቀጥታ ያረፈው በዚህ ሮልና በቅርንጫፎቹ አሮጌ ክላየንት (በየኮምፒውተሩ ተጭኖ ከሰርቨሩ ትእዛዝ በሚቀበለው ፕሮግራም) ላይ ነው። የኔትወርክ መስመሩን በመፈተሽ ጊዜዎን አያባክኑ፤ መስመሩ ቢበላሽ ኖሮ ለኮምፒውተሩ የተመደበውም ባልደረሰ ነበር።

ይህን ነጥብ ብዙ ባለሙያዎች ስለሚዘሉት ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። በቀድሞው አሠራር ኮምፒውተሩ የሚታዘዘውን ከማኔጅመንት ፖይንት (ለክላየንቶች ትእዛዝ ከሚያስተላልፈው የሰርቨር ሮል) ይቀበል ነበር፤ ለሠራተኛው የተፈቀዱት ፕሮግራሞች ዝርዝር ግን በሌላ መንገድ፣ ማለትም በካታሎጉ የድረ ገጽና የዌብ ሰርቪስ ሮሎች በኩል ይመጣ ነበር። ከ1806 እትም ጀምሮ ይህን ሥራ ማኔጅመንት ፖይንት ተረከበ፤ በ1910 ደግሞ ለሁለቱ ሮሎች የሚሰጠው ድጋፍ አበቃ። ይሁን እንጂ በሰርቨሩ ላይ የሥራ ድርሻ ስለተለወጠ ብቻ በየጠረጴዛው ያለው ክላየንት አይለወጥም፤ ከ1806 በታች የሆነው ክላየንት አዲሱን መንገድ ስለማያውቅ የተዘጋውን በር ማንኳኳቱን ይቀጥላል።

ለማረጋገጥ በወረታ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ በዊንዶውስ ሥር ሲሲኤም፣ ከዚያም ሎግስ ገብተው የኤስሲክላየንትን ሎግ (የሶፍትዌር ሴንተርን የሥራ መዝገብ) ይክፈቱ። በአድራሻው ውስጥ «ሲኤምአፕሊኬሽንካታሎግ» የሚል ካለ ጥርጣሬዬ ትክክል ነው፤ ጤነኛው «ሲኤምዩዘርሰርቪስ» ይላል። በኮንሶሉ የክላየንት እትም ዓምድ 8634 የያዘው 1802 ነው፤ ከ8692 (ማለትም ከ1806) ጀምሮ ያለው አዲሱን መንገድ ያውቃል።

አንድም ሮል ከመንካትዎ በፊት ባክአፕ ይውሰዱ። የሳይቱ ባክአፕ የኮንቴንት ላይብረሪን (የሚሠራጩት ፕሮግራሞች ፋይሎች የሚቀመጡበትን ማከማቻ) እና የፓኬጅ ምንጭ ፋይሎችን ስለማይጨምር እነዚህን ለብቻ ይቅዱ። ቅጂውን በርካሽ በተገዛ ያገለገለ ዲስክ ላይ አያኑሩ፤ በክረምት መብራት በተደጋጋሚ በሚቆራረጥበት ከተማ እንዲህ ያለውን ዲስክ ከደካማ ዩፒኤስ ጋር ማገናኘት መረጃን አውቆ መጣል ነው።

ቀጥሎ የክላየንቱ ፓኬጅ በየቅርንጫፉ ዲስትሪቢዩሽን ፖይንት (ኮምፒውተሮች የመጫኛ ፋይሎችን በሚያወርዱበት ሰርቨር) መኖሩንና ባውንደሪ ግሩፑ (የትኛው ኮምፒውተር ከየትኛው ሰርቨር እንደሚያወርድ የሚወስነው ምድብ) ወደዚያው መምራቱን ያረጋግጡ፤ አለዚያ ሁሉም ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ከባሕር ዳር እየጎተተ መስመሩን ያንቀዋል። ከዚያ በሃይራርኪ ሴቲንግስ ውስጥ አውቶማቲክ የክላየንት ማሻሻያን ይክፈቱና ክላየንቶቹ የሚሻሻሉበትን የቀናት ገደብ ሰፋ ያድርጉ።

ሮሎቹን የሚያነሡት ክላየንቶቹ በሙሉ ከተሻሻሉ በኋላ፣ ያውም በኮንሶሉ በኩል ብቻ ነው። ፎልደር በእጅ ማጥፋት ሮልን ማንሣት አይደለም፤ ሰርቨሩ ሮሉ አሁንም እንዳለ ስለሚቆጥር ቀዩ ምልክት አይጠፋም። የማንሣቱን ሂደት በሳይትኮምፕ ሎግ ይከታተሉ፤ ባክአፑ በእጅዎ ሳይኖር ግን «ሪሙቭ ሮል» የሚለውን አይጫኑ። ወደ ቀጣዩ እትም የሚሻገሩት ይህ ሲጠናቀቅና የወረታ ሠራተኛ በራሱ ስም ገብቶ ዝርዝሩን ሲያይ ነው።