ቲግ ብየዳ ቤት ውስጥ በትንሽ ብር ልጀምር ነው፣ የቱን ማሽን ልግዛ ላልከው ልጅ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። በኤሌክትሮድ በርና መስኮት ትበይዳለህ፣ 200 አምፔር ኢንቨርተር (ትንሿ የብየዳ ማሽን) አለህ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ግቢያችሁ ውስጥ ስቴንለስ መሥራት ፈልገሃል ብሩ ግን ትንሽ ነው፣ እና የትኛውን የቲግ ማሽን ልግዛ ነው ያልከው። ለማያውቅ፣ ቲግ ማለት ማይቀልጥ የታንግስተን ዘንግ በአርጎን ጋዝ ተሸፍኖ አርክ (የኤሌክትሪክ ብልጭታ) እየፈጠረ ብረቱን ሚያቀልጥበት ብየዳ ነው። ከላይ የመለሱልህ ልጆች የማሽን ስም ደርድረውልሃል፣ እኔ ግን አቦ ማሽን አትግዛ ነው ምልህ። እኔም እዚሁ ድሬ ነኝ፣ ገንደ ቆሬ በረንዳችን ላይ ነው የጀመርኩት፣ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ እና እስካሁን ያከሰርኩትን ብር ብቆጥረው አብዛኛው ማሽን ላይ አደለም የሄደው፣ ጋዙን ካለመረዳት ነው።

ያለህ ኢንቨርተር ዲሲ (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሚሄድ ኤሌክትሪክ) ሚያወጣ ከሆነ ግማሽ መንገድ ሄደሃል። ሊፍት ቲግ (ብረቱን ነክተህ ስታነሳው አርኩን ሚያስነሳ) ሚል ምርጫ ካለው በጣም ጥሩ፣ ባይኖረውም እንደ ክብሪት እየጫርክ ታስነሳዋለህ። ሚያስፈልግህ አንገቱ ላይ የራሱ የጋዝ ቫልቭ ያለው ቶርች (ታንግስተኑን ሚይዘው የእጅ መያዣ) ነው፣ 17ቪ እና 26ቪ ሚባሉ አሉ፣ 26ቱ ወፍራም ነው ለቀጭን ስቴንለስ 17ቱ ይበቃሃል እጅም አያደክምም። ሶኬቱ ግን ትንሽና ትልቅ ስላለው የማሽንህን ጃክ ይዘህ ሄደህ ግዛ፣ እኔ በግምት ገዝቼ ታይዋን ገበያ ሁለቴ ተመላልሻለሁ። ሲሰካ ደግሞ ቶርቹ ማይነስ ላይ ነው፣ የመሬቱ መቆንጠጫ ፕላስ ላይ። በኤሌክትሮድ ስትሠራ ምናልባት በተቃራኒው ለምደህ ይሆናል፣ በዛው ልማድ ቶርቹን ፕላስ ላይ ከሰካኸው አብዛኛው ሙቀት ወደ ታንግስተኑ ይሄድና ጫፉ ወዲያው ቀልጦ ኳስ ይሆናል፣ ያኔ ታንግስተኑ ፎርጅድ ነው ብለህ ባለሱቁን እንዳትሳደብ።

አልሙኒየምስ ላልከው እሱን ለጊዜው እርሳው። አልሙኒየም ኤሲ (አቅጣጫው ሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ያለው ማሽን ይፈልጋል፣ ያ ሌላ ብር ነው።

መብራት ይችለዋል ወይ ብለሃል፣ ይችላል። ቲግ ከኤሌክትሮድ ያነሰ ነው ሚበላው፣ በ60 አምፔር ስትሠራ አርኩ ላይ ያለው 12 ቮልት ምናምን ስለሆነ ከማሽኑ ብክነት ጋር አንድ ኪሎዋት አካባቢ ነው። የእናትህ የእንጀራ ምጣድ ከሱ ሦስት እጥፍ ይስባል። ብቻ ምጣዱ በተሰካበት መስመር ላይ ደርበህ አትሥራ፣ እሷም ትቆጣሃለች አርክህም ይንቀጠቀጣል።

አሁን ወደ ጋዙ። መጀመሪያ ሲሊንደር ከመግዛትህ በፊት አርጎኑን የት እንደምታስሞላ እወቅ፣ ይሄን ሳያውቅ ባዶ ሲሊንደር ገዝቶ በረንዳ ላይ ያቆመ ጓደኛ አለኝ። እኔ ለረጅም ጊዜ አዲስ አበባ በጭነት መኪና እየላክሁ ነበር ማስሞላው፣ ያ ማለት 500 ኪሎ ሜትር መንገድ ነውና ኪራዩንም ጥበቃውንም ሒሳብ ውስጥ አስገባ፣ ስትልከው ደግሞ የቫልቩ ቆብ ታስሮ ይሂድ። ብሩ ስላልበቃኝ ከሌላ በያጅ ጋር ዕቁብ ገብተን በጋራ ነው የገዛነው፣ ሳምንት እሱ ጋ ሳምንት እኔ ጋ፣ አንተም ሰው ካለህ እንደዛ አድርግ። የ10 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 1,500 ሊትር ጋዝ ይይዛል፣ በደቂቃ 7 ሊትር ብትለቅ ሦስት ሰዓት ተኩል ሚሆን አርክ ነው፣ ለልምምድ ትንሽ አደለም። ንጹህ አርጎን ብቻ ነው ሚሆነው። ካርቦንዳይኦክሳይድ የተቀላቀለበት የሚግ (በጥቅል ሽቦ ሚበየድበት ሌላ ዓይነት) ጋዝ ርካሽ ነው ሠርቷል ሚልህ ካለ አትስማው፣ ታንግስተኑን ነው ሚበላው። ሬጉሌተሩ (ሲሊንደሩ ላይ ሚታሰረው የግፊት መቀነሻ) የሊትር መለኪያ ያለው ይሁን፣ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ ፈትሽ፣ ማታ ደግሞ የቶርቹን ቫልቭ ብቻ ሳይሆን የሲሊንደሩን ራሱን ዝጋ። ከቱቦው ስር በማይሰማ ፉጨት አንድ ሙሉ ሲሊንደር በአንድ ሌሊት ሄዶብኛል፣ ጠዋት ጌጁ ዜሮ ላይ ተኝቷል፣ ባልደረባዬ ሳምንት አላናገረኝም።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ግን ዋናውን ጥፋቴን አልነገርኩህም። የድሬን ሙቀት ታውቀዋለህ፣ በረንዳ ላይ ማስክ አድርገህ ቆርቆሮ ስር ስትቀመጥ ላብህ ጓንትህ ውስጥ ይንጠባጠባል፣ ስለዚህ ቬንትሌተር አጠገቤ አቁሜ ነበር ምሠራው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ብየዳዬ ጥቁር፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ከሰል የመሰለ ነገር ሆነብኝ። ጋዙ የተበረዘ ነው አልኩ፣ ታንግስተን ቀየርኩ፣ ጋዙን 7 ሊትር ከነበረበት 15 አደረስኩት፣ እሱ ደግሞ ይባስ ነው ምክንያቱም ጋዝ ሲበዛ ከካፑ (ቶርቹ ጫፍ ላይ ጋዝ ሚወጣበት) ሲወጣ እየተሽከረከረ ውጭ ያለውን አየር ይዞ ይገባል። አንድ ቀን ከሰዓት እህቴ ልብስ ልታጥፍ መጣችና ሞቀኝ ብላ ቬንትሌተሩን ወደራሷ አዞረችው። እኔ አላየሁም ማስክ ውስጥ ነኝ። ያቺ ብየዳ እንደ ወርቅ ቢጫ ሆና ወጣች። ማስኬን አንስቼ ምን ነካሽ ምን ቀየርሽ ስላት ልትቆጣኝ መስሏት ቬንትሌተሩን መልሳ ወደኔ አዞረችልኝ፣ ቀጣዩ መስመር ተመልሶ ከሰል። በዛ ነው የገባኝ፣ አርጎኑ ብየዳውን ሚሸፍነው ዝም ብሎ በላዩ ተኝቶ ነውና ትንሽ ንፋስ ካገኘው ይበተናል።

ስለዚህ ማልዶ ወይ ማታ ሥራ፣ በሁለትና በሦስት ጎን በኮምፔንሳቶ ከልል፣ ቬንትሌተር ከፈለግክ ጀርባውን ሰጥተኸው ወደ ውጭ ይንፈስ። ጥርቅም አድርገህ የዘጋኸው ክፍል ውስጥ ግን በፍጹም፣ አርጎን ከአየር ይከብዳል ታች ይጠራቀምና ኦክስጅንህን ይነጥቅሃል፣ ሽታም የለው ቀለምም የለው።

ታንግስተን 1.6 ሚሊ በቂህ ነው። ጫፉ ቀይ የሆነውን ተወው ቶሪየም አለበት፣ ስትሞርደው አቧራው ለሳንባ አይሆንም፣ ወርቃማውን ወይ ግራጫውን ውሰድ። ስትስለው ለሱ ብቻ በለየኸው ዲስክ፣ ጭረቱ ወደ ጫፉ በርዝመቱ እንጂ ዙሪያውን አይሁን። እየጫርክ ስታስነሳ ሥራው ላይ አትጫር፣ አጠገቡ የመዳብ ቁራጭ አስቀምጠህ እሱ ላይ አስነሳና ወደ መገጣጠሚያው ውሰደው፣ ጫፉ ሳይቆሽሽ ይቆይልሃል። ስትጨርስ ደግሞ አርኩን አቋርጠህ ቶርቹን እዛው ያዘው፣ ብረቱም ታንግስተኑም ቀዝቀዝ እስኪል ጋዙ ይውረድበት ከዛ ቫልቩን ዝጋ። እዚህ ላይ ጋዝ ሚቆጥብ ሰው ታንግስተን ይገዛል።

ለልምምድ 1.5 ሚሊ የስቴንለስ ቁራጭ ከሃንድሬይል ሠሪዎች ለምነህ ሰብስብ፣ ከ45 እስከ 60 አምፔር ላይ ሞክር፣ መጀመሪያ ያለ ሽቦ (መሙያ ብረት) ሁለት ጠርዝ ብቻ አቅልጠህ አገጣጥም። ሽቦ ሚገዛበት ብር ከሌለህ ከዛው ላሜራ ቀጭን ቀጭን አድርገህ ቁረጥ ለልምምድ ይሆናል፣ ለሰው ሥራ ግን ስቴንለሱ 304 ሚባለው ዓይነት ከሆነ 308ኤል ሚባለውን ሽቦ ግዛ። የኤሌክትሮድ ልባስ አራግፈህ ውስጡን ሽቦ ተጠቀም ሚል ምክር ከላይ አይቻለሁ፣ ተራ ብረት ስበይድ እኔም ሞክሬዋለሁ፣ የሽቦው መድኃኒት ያለው ልባሱ ውስጥ ስለሆነ አረፋ አረፋ ነው ሚያወጣው። ጽዳት ላይ አትስነፍ፣ አሴቶንና ለስቴንለስ ብቻ የተለየ ብሩሽ። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ እንዳትነካ፣ ክሎሪን ያለበት ዓይነት በአርኩ ብርሃንና ሙቀት ገዳይ ጋዝ ይሆናል። ጋልቫናይዝድ ቱቦም ለቲግ አይሆንህም፣ ጭሱ ማታ ብርድ ብርድ ያሰኝሃል።

ልብስ! ይሄን ስጽፍ ራሴን እየሳቅኩበት ነው፣ ሙቀት ነው ብዬ በሽርጥና በካናቴራ ስሠራ አንድ ቀን ከጉልበቴ በታችና አንገቴ እንደተቀቀለ ዶሮ ተላጠ። ቲግ ጭስና ፍንጣሪ ስለሌለው የዋህ ይመስላል፣ ብርሃኑ ግን ከኤሌክትሮድ የባሰ ነው። ወፍራም ጥጥ ሙሉ እጅጌ ልበስ፣ መስታወትህ 10 ቁጥር ይሁን፣ ርካሹ በራሱ ሚጠቁር ማስክ ደግሞ በዝቅተኛ አምፔር አንዳንዴ አርኩን አያየውም ብልጭ ድርግም ይልብሃል፣ እሱን ካየህ ድሮ በምታውቀው ባለጥቁር መስታወት ሥራ። እና ከበርጫ በኋላ አትበይድ፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ በኤሌክትሮድ ይደበቃል በቲግ ግን ታንግስተኑ ሁለት ሚሊ ከፍ ብሎ መቆየት ስላለበት በየደቂቃው የቀለጠው ብረት ውስጥ እየነከርከው ስትሞርድ ትውላለህ።

ለማንኛውም የኢንቨርተርህን የፊቱንና የኋላውን ገጽ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ፣ ሊፍት ይኑረው አይኑረው ጃኩም ትንሹ ይሁን ትልቁ አይቼ የትኛውን ቶርች እንደምትገዛ ዛሬ ማታ እነግርሃለሁ።