ፍርዱን ያሸነፉት ቼሮኪዎች ስለምን ተባረሩ?

ጥያቄ፦ በደሴ የሕግ ተማሪ ነኝ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጆርጂያ ግዛት፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ በሆኑት በቼሮኪዎች መሬት ላይ ሥልጣን የላትም ብሎ መፍረዱን፣ ሕዝቡ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከዚያው መሬት መባረሩን አነበብኩ። ሐይቅ አካባቢ በወሰን ክርክር ለዓመታት ፍርድ ቤት የተመላለሱት አባቴ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ የፈረደላቸው ዳኛ የት ሄደ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ዛሬስ ግዛቶች በጎሳ መሬት ላይ ሥልጣን አላቸው?

መልስ፦ ዳኛው የትም አልሄደም፤ ፍርዱን በእጁ የያዘው ሰው ግን ቼሮኪ አልነበረም ይበሏቸው።

ቼሮኪዎች ራሳቸው ጆርጂያን ከስሰው ውሳኔ ያገኙት በ1831 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በጆን ማርሻል የሚመራው ችሎት፣ የውጭ አገር መንግሥት ስላልሆናችሁ በቀጥታ ወደ እኔ መምጣት አትችሉም፣ በአገር ውስጥ ያላችሁ ጥገኛ ሕዝብ ናችሁ፣ ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር ያላችሁ ግንኙነትም ሞግዚትና በሞግዚት ሥር ያለ ልጅ ያላቸውን ይመስላል በማለት መዝገቡን ዘጋው። በዓመቱ ይግባኝ ይዞ የመጣው ሳሙኤል ዉስተር የሚባል ነጭ ሚሲዮናዊ ነበር፤ ለጆርጂያ ታማኝነቱን ምሎ ፈቃድ ሳያወጣ በቼሮኪ ምድር ኖሯል ተብሎ የአራት ዓመት እስራት ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ተፈርዶበታል። (ይኸው ሰው ሴኳያ የፈጠረው የቼሮኪ ፊደል በማተሚያ እንዲቀረጽ አግዟል፤ ፊደሉ እንደ እኛው አንዱ ምልክት ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ የሚይዝበት መሆኑን ሳስበው ዘወትር ይገርመኛል።) ማርሻል በ1832 የቼሮኪ ሕዝብ የራሱ ወሰን ያለው የተለየ ማኅበረሰብ ነው፣ በዚያ ወሰን ውስጥም የጆርጂያ ሕግ አይሠራም ሲሉ ፈረዱ። ጆርጂያ ግን ፍርዱን አልተቀበለችም፤ ዉስተርም ከእስር የወጣው በ1833 መጀመሪያ፣ በገዢው ምሕረት ነው።

አባትዎ ሊያስተውሉት የሚገባው፣ ፍርዱ ያገደው ጆርጂያን እንጂ ፌዴራሉን መንግሥት አለመሆኑ ነው። ሕዝቡን ያስነሣው በ1830 የወጣው የፌዴራል ሕግና በ1835 በኒው ኢቾታ የተፈረመው ውል ነው፤ የፈረሙት ጥቂት ሰዎች ሲሆኑ ዋናው አለቃ ጆን ሮስና የሕዝቡ ምክር ቤት አልተቀበሉትም፣ የአሜሪካ ሴኔት ግን ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ በአንድ ድምፅ ብቻ አልፎ አጸደቀው። በ1838 ወታደር መጥቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬዋ ኦክላሆማ ግዛት አባረራቸው። ከተነሡት 16,000 ያህል ሰዎች 4,000 ገደማ እንደሞቱ ይገመታል።

ስለ ዛሬው ሲጠይቁ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2020 በኦክላሆማ ያለው የክሪክ ጎሳ ክልል (ለጎሳው የተከለለው መሬት) በሕግ አልፈረሰም ብሎ ወሰነ፤ በቀጣዩ ዓመት የኦክላሆማ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህንኑ ለቼሮኪም አዋለው። በ2022 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ የጎሳ ክልል የግዛቱ አካል ስለሆነ የጎሳ ተወላጅ ያልሆነ ሰው በተወላጅ ላይ የሚፈጽመውን ወንጀል ግዛቱም ከፌዴራሉ ጋር ጎን ለጎን መክሰስ ይችላል አለ። በእኔ እይታ ይህ የማርሻልን ፍርድ በስም ሳይሽር አጥሩን ከሥሩ ነቅንቆታል። በክልሉ ውስጥ ተፈጽሞ ተከሳሹ ራሱ የቼሮኪ አባል በሆነበት ከባድ ወንጀል ግን፣ በ2020ው ውሳኔ መሠረት ጉዳዩ ከግዛቱ ዐቃቤ ሕግ እጅ ወጥቶ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳል።